የቺፕቦርድ ፊደልን በምን እንቀባው? አክሪሊክ፣ የማኅተም ቀለም፣ ኤምቦሲንግ ዱቄት ወይስ ወረቀት

ለፎቶ አልበም ርዕስ እንዲሆነኝ «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ቺፕቦርድ ከሚባለው ጠንካራ ካርቶን አራት ጊዜ ቆረጥኩት። የፊደሎቹ ቁመት 4 ሴንቲሜትር ነው። የመጀመሪያውን አክሪሊክ ቀባሁት። ሁለተኛውን በማኅተም ቀለም ነካካሁት። ሦስተኛው ላይ ኤምቦሲንግ ዱቄት፣ ማለትም በሙቀት ቀልጦ የሚያብረቀርቅ የጌጥ ዱቄት፣ አቀለጥኩ። አራተኛውን ባለ አበባ ወረቀት አለበስኩት። ሁሉም ሲያልቁ ጎን ለጎን ደረደርኳቸውና ራቅ ብዬ አነበብኳቸው። ሦስተኛው «ቢተሰብ» ይላል። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት በቀለጠው ዱቄት ተደፍና ጭረት መስላለች።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህቺን ቀለበት አስቡልኝ። አብዛኞቻችን ይህን ሥራ የምንማረው ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ ነው። እዚያ የሚሰጠው ምክር ለላቲን ፊደል የታሰበ ነው። የላቲን «ኦ» መሀሏ ቢጠብም ያው «ኦ» ናት። የእኛ ፊደል ግን አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ስትደፈን ሌላ ፊደል ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙ ምን ያህል ያምራል ከማለታችሁ በፊት፣ ምን ያህል ይወፍራል በሉ።

ቺፕቦርድ ስል ቁም ሳጥን የሚሠራበትን ቺፕውድ ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ወረቀት ነው። በብዛት ከተፈጨ አሮጌ ወረቀት ተጨምቆ የሚሠራ፣ የሥዕል ደብተር ጀርባ ላይ የምናውቀው ግራጫ ወይም ቡናማ ጠንካራ ካርቶን። ወረቀት ስለሆነ ውኃ ይጠጣል። አንድ ፊቱ ብቻ ሲርስ ያ ፊት ያብጥና ካርቶኑ ይቆለመማል። የተቆረጠው ጠርዙ ደግሞ ከፊቱ የበለጠ ይጠጣል። አራቱም አማራጮች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ማይክልስ ወይም ሆቢ ሎቢ የሚባሉት የእጅ ሥራ ዕቃ መደብሮች ገብታችሁ የተቆረጠ ፊደል ታገኛላችሁ፤ ላቲን ነው። (ሌላው መደብር ጆአን በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ዘግቷል፤ እዚያ ለመሄድ አትልፉ።) የግዕዝ ፊደል ራሳችን መቁረጥ አለብን። ክሪካት ሜከር የሚባለው የመቁረጫ ማሽን ያለው ሰው ናይፍ ብሌድ በሚባለው ምላጭ እስከ 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት መቁረጥ ይችላል፤ ደጋግሞ ስለሚያልፍበት ግን ጊዜ ይወስዳል። ሌላው ሞዴል፣ ክሪካት ኤክስፕሎር፣ ይህን ምላጭ አይቀበልም። በእጅ በከተር የምትቆርጡ ከሆነ 1 ሚሊሜትር ያህሉን ግዙ፤ ከዚያ በላይ ጣት ያሳምማል፣ ጠርዙም ይቦጫጨቃል።

አሁን ወደ ቀለሙ። አንድ ነገር ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው መልሴ አክሪሊክ ነው። እዚህ አሜሪካ 59 ሚሊሊትር የሚይዘው ትንሹ የእጅ ሥራ ጠርሙስ ለብዙ አልበም ይበቃል። ቀለሙ ግራጫውን ካርቶን ይሸፍናል፣ ከደረቀ በኋላ በውኃ አይለቅም፣ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። ችግሩ ውኃው ነው። ወፍራም አድርገው አንዴ ሲቀቡት ካርቶኑ ይጣመማል፣ ቀለበቷም ትሞላለች። ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ። በመሀሉ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይድረቅ። ጀርባውንም አንዴ ቀባ አድርጉት፤ ሁለቱም ፊት እኩል ሲጠጣ መቆልመሙ ይቀንሳል። ቀዳዳው ውስጥ የገባውን ቀለም ሳይደርቅ በስቴኪኒ አውጡት። ከመቀባት በፊት ጠርዙን በጥፍር ሞረድ ማለስለስም ትልቅ ለውጥ አለው፤ የተነሳው የወረቀት ፀጉር ቀለም ሲነካው ይቆማልና።

ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ የምትፈልጉ ከሆነ ከሥር ጄሶ ያስፈልጋችኋል። ግንበኛው የሚለስነውን ጄሶ አይደለም፣ የሠዓሊውን ነው። ስሙ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከጣልያንኛው ቃል የመጡ ናቸው። ይህ ነጭ መደብ ግራጫው ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ካርቶኑም ቀለሙን እንዳይመጠው ያደርጋል። ለእኛ አገር እጅ እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሣላቸው የእመቤታችን ሥዕሎች እንጨት ላይ በተቀባ ነጭ መደብ ላይ ያረፉ ናቸው። ያንን ሳስብ አንድ ጠርሙስ ጄሶ መግዛት አይከብደኝም።

አክሪሊክ ሌላም ጠባይ አለው። የደረቀ ይመስልና ለቀናት ተጣባቂ ሆኖ ይቆያል። ገጹን ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ቶሎ ከከተታችሁት ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። እኔ ቢያንስ አንድ ሳምንት ክፍት እተወዋለሁ።

ኤምቦሲንግ ዱቄት ከሁሉም በላይ ያምራል። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ወርቃማው ዱቄት ቀልጦ ሲጋጠም፣ ያ ደብዛዛ ካርቶን በአንድ ጊዜ የተነጠረ ብረት ሲመስል ማየት ደስ ይላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀለም፣ ለምሳሌ ቨርሳማርክ፣ ታስነኩታላችሁ፤ ዱቄቱን ትነሰንሳላችሁ፤ ትርፉን ታራግፋላችሁ፤ ሂት ጋን በሚባለው የሞቀ አየር መንፊያ ታቀልጣላችሁ። ወጪው ግን መጀመሪያ ላይ ይበዛል። ዱቄት፣ ቀለምና ሂት ጋን ሦስቱም ያስፈልጋሉ። የፀጉር ማድረቂያ አይተካውም፤ ሙቀቱ አይበቃም፣ ነፋሱም ዱቄቱን ይበትነዋል።

ለግዕዝ ፊደል የምትገዙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ «ዲቴይል» ወይም «ሱፐር ፋይን» የሚለውን ደቃቁን ምረጡ። «አልትራ ቲክ» የሚለውን ተዉት። የእኔን «ቤ» ያበላሸው እሱ ነው። በደቃቁ ደግሜ ስሠራው፣ ከማቅለጤ በፊት በደረቅ ቀጭን ብሩሽ ቀለበቷ ውስጥ የቀረውን ዱቄት ጠረግሁት። አሁን «ቤተሰብ» ይላል። ሌላው ጥንቃቄ፦ ከሥር ቀለም ከቀባችሁ በደንብ ሳይደርቅ ሂት ጋን አታስጠጉ። ውስጡ የቀረው እርጥበት ይፈላና ካርቶኑን ያሳብጠዋል።

የማኅተም ቀለም ቀለበት አይደፍንም፣ ካርቶን አያጣምምም። በጣም ስስ ነው። ነገር ግን አይሸፍንም። ቡናማ ካርቶን ላይ ሰማያዊ ብትነኩ የምታገኙት የጠቆረ ነገር ነው። ያረጀ መልክ፣ የቆዳ ወይም የብራና ዓይነት ለምትፈልጉ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። ሬንጀር የተባለው ኩባንያ የሚያወጣው ዲስትረስ በውኃ የሚፈታ የማኅተም ቀለም ነው፤ ላብ ያለው ጣት ሲነካውም ይለቃል፣ ስለዚህ ከላይ መከላከያ ይፈልጋል። ዲስትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ዓይነት ፒግመንት (የማይሟሟ የቀለም ደቃቅ) ስላለበት ትንሽ ይሸፍናል። ነጭ ጄሶ ከሥር ካለ ሁለቱም ይደምቃሉ። እኔ የማኅተም ቀለምን ብቻውን አልጠቀምበትም። አክሪሊኩ ሲደርቅ ጠርዙን በስፖንጅ ጠቆር ለማድረግ ነው የምወደው። ያኔ ፊደሉ ከገጹ ብድግ ይላል።

ወረቀት ማልበስ ለትልልቅ ቅርጾች ነው፤ ለልብ፣ ለመስቀል፣ ለጀበና ቅርጽ። ለ4 ሴንቲሜትር ፊደል አልመክረውም። ቅርጹን ኮላ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ በወረቀቱ ጀርባ ላይ አስተኙት፣ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ ሲደርቅ ትርፉን ቁረጡና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ሞርዱት። የ«ቤ»ን ቀለበት ከወረቀት ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ያውም አላማረም። ከላይ የሚቀባ ኮላ ከፈለጋችሁ ሞድ ፖጅ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር 4 ሳምንት እንደሚፈልግ ግን እወቁ። ለሰርግ የምታደርሱት አልበም ከሆነ ቀኑን ቁጠሩ።

ኩቴክስም እቀባለሁ የሚሉ አሉ። ያብረቀርቃል፣ ጥቃቅን ነጥብ ላይ ያምራል። ለሙሉ ቃል ግን ጠርሙሱ ቶሎ ያልቃል፣ ሽታውም ቤት ይሞላል።

ስለ ፎቶው አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ለእኔ ከቀለሙ ይበልጣል። ተራ ካርቶን አሲድና ሊግኒን (ከእንጨቱ የሚመጣ ንጥረ ነገር) አለበት፤ ከጊዜ ጋር አጠገቡ ያለውን ወረቀት ቢጫ ያደርጋል። ቀለም መቀባቱ ይህን አያስቀርም። ስትገዙ «አሲድ ፍሪ» እና «ሊግኒን ፍሪ» የሚለውን ፈልጉ። «ፓት» የሚል ምልክት ካያችሁ ደግሞ ዕቃው አይሶ 18916 በሚባለው መለኪያ ፎቶ እንደማይጎዳ ተፈትኗል ማለት ነው። ከእህል ማሸጊያ ካርቶን የተቆረጠ ፊደል ለፖስትካርድ ይሁን። የአያታችሁ ብቸኛ ፎቶ አጠገብ ግን አታድርጉት። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፊደል ደግሞ አልበሙ ሲዘጋ ትይዩ ያለውን ገጽ ይጫናል፤ ፊት ለፊቱ የሰው ፊት እንዳይኖር አስቀድማችሁ አመቻቹ።

ስለዚህ ገና ለምትጀምሩ፦ ነጭ ጄሶ፣ ሁለት አክሪሊክ፣ አንድ ቡናማ የማኅተም ቀለም። ይህ ለአንድ ሙሉ የክርስትና አልበም ይበቃል። ሂት ጋኑን የምትገዙት ብዙ ርዕስ ወርቃማ ማድረግ ከፈለጋችሁ ነው፤ ለሰርግና ለመልስ አልበም ከሆነ ገንዘቡ አይቆጫችሁም።

ለአገር ቤት ሰው የምትልኩ ደግሞ ቮልቴጁን እዩ። እኔ ከዚህ ከሜሪላንድ ለእህቴ ሂት ጋን ላክሁላት። የ120 ቮልት መሆኑን አላሰብኩም። አዲስ አበባ 220 ሶኬት ላይ ስትሰካው ጭስ ወጣውና ቀረ፤ የልጇን የልደት ገጽ ግማሽ ላይ ትታ ነበር። አሁን ዕቃው ላይ «220» የሚል ጽሑፍ ሳላይ አልገዛም። ትራንስፎርመር ያለው ሰው መሣሪያው ላይ የተጻፈውን ዋት ያንብብ፤ ትራንስፎርመሩ ከዚያ በላይ መሸከም አለበት። አክሪሊኩንና ጄሶውን ክዳናቸውን በፕላስተር አሽጋችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ። የቆርቆሮ ስፕሬይ ቀለም ግን ስለሚቀጣጠል አውሮፕላን ላይ አይጫንም።