ሎግፎርጄ 2 በቶምካት ላይ፦ ጎበዝ ጸሐፊ፣ ሲነሣ ግን ዝምተኛ

አፕሊኬሽን ሲሠራ የሚሆነውን በሎግ ፋይል የሚመዘግበውን የጃቫ ላይብረሪ ሎግፎርጄ 2ን በጃቫ በተሠሩ የዌብ አፕሊኬሽኖች ውስጥ ለዓመታት ስለተጠቀምኩበት፣ ብዙ ከሚወራለት ፍጥነቱ ይልቅ አፕሊኬሽኑ በሚነሣበት ሰዓት ስለሚያሳየው ጠባይ መጻፍን መርጫለሁ።

በአግባቡ ከተገጠመ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ከዋናው ጃር (የታሸገ የጃቫ ኮድ ፋይል) ጎን «ሎግፎርጄ-ዌብ» የተባለው ጃር ካለ፣ የጃቫ ዌብ መስፈርት የሆነው ሰርቭሌት 3.0 ባመጣው አሠራር መሠረት አፕሊኬሽኑን የሚያስነሣው ሰርቨር (ለእኛ ቶምካት) ራሱ ይጠራዋል፤ እርሱም አንድ የጃቫ መስመር ሳይጻፍለት ማዋቀሪያውን (ምን፣ የት እንደሚጻፍ የሚወስነውን ፋይል) ከዌብ-ኢንፍ ፎልደር ፈልጎ ያነባል፤ አፕሊኬሽኑ ሲወርድም የከፈታቸውን የሎግ ፋይሎች ይዘጋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል፤ በዊንዶውስ ላይ አልሰረዝ ካለ ፋይል ጋር የታገለ ሰው ግን ጥቅሙን ያውቀዋል።

ቅሬታዬ ማዋቀሪያውን ሲያጣ በሚያደርገው ላይ ነው። ከቶምካት 9 ወደ ቶምካት 10 ስንሸጋገር የራሳችንን ኮድ ከጃቫክስ ቶምካት 10 ወደሚጠቀምበት አዲስ የጥቅል ስም፣ ወደ ጃካርታ፣ በጥንቃቄ ቀየርን፤ «ሎግፎርጄ-ዌብ» የተባለውን ጃር ግን እንዳለ ተውነው። ጃሩ የሚያውቀው ጃቫክስን ብቻ ስለሆነ ቶምካት 10 አልጠራውም፤ ማዋቀሪያውም ሳይነበብ ቀረ። አፕሊኬሽኑ ያለ እንከን ተነሣ፣ ገጾቹም ተከፈቱ፤ የሎግ ፋይሉ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ መስመር እንኳ አልጨመረም። ሎግፎርጄ 2 ማዋቀሪያ ካላገኘ ስሕተቶችን ብቻ ወደ ኮንሶል ይጽፋል፤ ይህንኑ የምትናገረውን አንዲት መስመር በማግሥቱ የቶምካት የኮንሶል ጽሑፍ በሚጠራቀምበት ካታሊና.አውት ፋይል ውስጥ፣ ከቶምካት የማስነሻ መልእክቶች መካከል ተቀብራ አገኘናት። ጃሩን «ሎግፎርጄ-ጃካርታ-ዌብ» በሚባለው ለመተካት አምስት ደቂቃ በቃን፤ ቀኑን የበላው ፍለጋው ነው። ጥፋቱ በከፊል የእኛ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ሎግባክ የተባለው ሌላው የጃቫ ሎግ ላይብረሪ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ከዝርዝሩ የዲበግ ደረጃ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ኮንሶሉ ላይ ያፈሰዋል፤ ጫጫታው ቢያሰለችም የጎደለ ነገር እንዳለ ወዲያው ያስታውቃል።

ስለ ደኅንነቱ፣ በዲሴምበር 2021 ይፋ የሆነውና ከ10 ሙሉ 10 የአደጋ ነጥብ የተሰጠው ሎግፎርሼል የተባለው ቀዳዳ ስለተደፈነ፣ በጃቫ 8 ላይ ከ2.17.1 በታች ያለ እትም የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ እትሙን ያድስ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም እየተጠቀምኩበት ነው፤ ከአምስት ኮከብ አራቱን እሰጠዋለሁ። አዲስ ለሚጀምር ግን ማዋቀሪያውን በዌብ-ኢንፍ ሥር ባለው ክላስስ ፎልደር ውስጥ እንዲያስቀምጥ እመክራለሁ፤ የእኛም እዚያ ቢሆን ኖሮ የዌብ ጃሩ ባይጠራም እንኳ ዋናው ጃር ከክላስፓዝ (ጃቫ ፋይሎችን ከሚፈልግበት ቦታ) ያገኘው ነበር።