«የተጣመሩ» ተብለው የመጡልኝ ሁለቱም ኤንጀልፊሾች ሴት ነበሩ

እሺ መጀመሪያ ኮከቡን ልናገር፣ ለ«ዝግጁ ጥንድ» የአኳሪየም ዓሣ ከ5 ኮከብ 2፣ ከዛው ሻጭ ለገዛኋቸው ትንንሾቹ ግን 5 ሙሉ። ስሙን አልጠራም፣ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ነገሩ ደሞ ብዙ ሻጭ ጋር ያው ነው።

የኔ አኳሪየም 200 ሊትር ነው፣ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 40 ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ መካከለኛ ከሚባለው ማለት ነው። ሀሳቤ ከላይ አንድ ጥንድ ኤንጀልፊሽ ከታች አንድ ጥንድ ቦሊቪያን ራም ነበር፣ ሁለቱም ሲክሊድ (ቦታ የሚይዝ የዓሣ ቤተሰብ) ናቸው ግን አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው አሸዋው ላይ ስለሚኖር ብዙም አይጋጩም። ሰማያዊውን ራም ያልመረጥኩት 28 ዲግሪና ከዛ በላይ ስለሚወድ ነው፣ ቦሊቪያኑ 25 እና 26 ላይ ከኤንጀሎቹ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፣ ጠንካራም ነው።

ኤንጀሎቹን «የተጣመሩ፣ እንቁላል የጣሉ» ከሚል ዝርዝር ውስጥ አዘዝኩ። አመጣጣቸው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ለየብቻ በድርብ ፌስታል፣ ክንፋቸው ሙሉ፣ በነጋታው መብላት ጀመሩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የፊልተሩን ቱቦ በአፋቸው ሲያጸዱ አየሁና ከዛ እንቁላል! ጮቤ ረገጥኩ። በማግስቱ ግማሹ ነጭ ሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ነጭ፣ ሻጋታ ያዘው። የመጀመሪያቸው ነው ልምድ የላቸውም ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና ሳይ አንዷ ትጥላለች፣ ዞር ትላለች፣ ሌላዋም መጥታ ትጥላለች። ሁለቱም!

«እንቁላል የጣሉ» ያለው እኮ ውሸት አይደለም፣ ጥለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኤንጀልፊሽ በመልክ ወንድና ሴቱ አይለይም፣ ግንባሩ ወጣ ያለው ወንድ ነው ምናምን የሚሉትም ሁልጊዜ አይሰራም። የሚለየው እንቁላል ሊጥሉ ሲሉ ከሆዳቸው ስር ብቅ በምትለው ቱቦ ነው፣ የወንዱ ቀጭንና ሹል፣ የሴቷ ወፈር ያለና ደፍጠጥ ያለ፣ እሷም የምትታየው ለትንሽ ቀን ብቻ። ወንድ ከሌለ ደሞ ሁለት ሴቶች ተጣምረው ቦታ ይይዛሉ፣ ያጸዳሉ፣ ይጥላሉ፣ ከውጭ ለሚያይ ፍጹም ባልና ሚስት ናቸው፣ እንቁላሉ ግን ወንድ ስላላዳበረው ነጭ ሆኖ ይሻግታል። ስለዚ ሻጭን «እንቁላል ጥለዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ «ልጅ ፈልፍለዋል ወይ? ከልጆቻቸው ጋር ያሉበት ቪዲዮ አለህ?» ነው ጥያቄው። እኔ አልጠየኩም።

ደወልኩለት፣ ሳይከራከር አንዷን ተቀብሎ ወንድነቱ የተረጋገጠ አንድ ላከልኝ፣ ለዚ ነው 2 ኮከብ እንጂ 1 ያልሆነው። ግን ዓሣ በዚ ጉዳይ የሰው ምርጫ አይቀበልም። ሴቷ አኳሪየሙን ቀድማ ይዛዋለች፣ የመጣውን በአንድ ቀን ክንፉን ቀዳደደችው፣ ምስኪኑ ጥግ ላይ ሂተሩ ጀርባ ተለጥፎ ዋለ። በፕላስቲክ መረብ ከፍዬ ሁለት ሳምንት እንዲተያዩ አደረኩ፣ መረቡን ሳነሳ ያው ድብድብ። ሁለቱንም መለስኳቸው።

ከዛ ነው 6 ትንንሽ፣ የሳንቲም ያክል የሚሆኑ የወሰድኩት። 6 የሆነበት ምክንያት ቢያንስ አንድ ወንድና አንድ ሴት የመኖራቸው እድል ከፍ ስለሚል ነው፣ ደሞ አብረው ሲያድጉ ራሳቸው ይመራረጣሉ። ትዕግስት ይፈልጋል፣ የኔዎቹ 9 ወር ፈጀባቸው። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ የግራውን ግማሽ ይዘው አራቱ ቀኝ ጥግ ላይ ተጨናንቀው ጠበቁኝ፣ በቃ ጥንዱ ያ ነው። እዚጋ መዘግየት የለም፣ 200 ሊትር ውስጥ ጥንድ ከወጣ በኋላ የተቀሩት ይደበደባሉ። ሻጩ አራቱን መልሶ እንደሚወስድ ከመግዛቴ በፊት አስማምቼው ነበር፣ ቃሉንም ጠበቀ፣ 5 ኮከቡ በዋናነት ለዚ ነው። ራሞቹንም በዚሁ መንገድ 4 ገዝቼ አንድ ጥንድ አስቀረሁ።

ይሄን ሁሉ ወር መጠበቅ የማይችል ሰው ጾታው በአይን የሚለይ ዘር ይምረጥ። ክሪቤንሲስ ሴቷ አጠር ድብልብል ብላ ሆዷ ወይን ጠጅ ወደ ቀይ ነው፣ ወንዱ ረዘም ያለ፣ ቆሞ መምረጥ ይቻላል። ኮንቪክትም ቀላል ነው፣ ሆዱ ላይ ብርቱካናማ ያለው ሴቷ ናት፣ ብዙ ሰው ቀለም ሲያይ ወንድ ይመስለዋል። ኮንቪክት ግን ልጅ ካገኘ 200 ሊትሩ በሙሉ የሱ ነው፣ ብቻውን ካልሆነ አይሆንም። ክሪቤንሲስና ራም አንድ ላይም አልመክርም፣ ሁለቱም የሚጣሉት ስለ አንድ ወለል ነው።

ምቡና የሚባለውን የማላዊ ሐይቅ ዓሣ «ጥንድ» የሚል ዝርዝር ካያችሁ ደሞ እለፉት። ምቡና ጥንድ አይሆንም፣ አንድ ወንድ ለብዙ ሴት ነው፣ እንቁላሉንም ሴቷ በአፏ ነው የምትይዘው። አንድ ለአንድ ከተደረገች ወንዱ እረፍት ነስቶ ይጨርሳታል፣ የሚፈልገው ውሃም የጠነከረ (ማዕድን የበዛበት)፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 8 አካባቢ ስለሆነ ከኤንጀል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይሄንን የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል፣ የቱ እንደሚብስ እንጃ።

የኔ ኤንጀሎች እስካሁን ሦስት ጊዜ ጥለዋል። ሦስቱንም ጊዜ በሉት፣ ለጀማሪ ወላጅ የተለመደ ነው። ግን ትናንትና ከመበላቱ በፊት በባትሪ አይቼዋለሁ፣ 30 ሰዓት ሆኖትም ብርሃን ያሳልፍ ነበር፣ ነጭ የሆነው አራት አምስቱ ብቻ ነው።