የጨዋታ ሽፋን ከማሠራታችሁ በፊት፦ በ350 ዶላር የገዛሁት ባለሁለት ሻኛ ግመል

የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርታችሁ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር ለመሸጥ የምታስቡ ሁሉ፣ «የተሟላ የሽፋን ጥቅል በ48 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ አልሰበሰብኩም። 350 ዶላር ከፍዬ ያገኘሁት አንድ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ የግመል ነው፤ ግመሉ ደግሞ ሁለት ሻኛ አለው።

ጨዋታዬ ስለ አፋር የጨው ቅፍለት ነው። ተጫዋቹ ግመሎቹን አሞሌ ጭኖ ከዳናክል ረባዳ ተነሥቶ፣ በበራህሌ አድርጎ፣ መቀሌ ገበያ ይደርሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ስሠራው ኖሬ፣ ለስቲም የማስመዝገቢያውን 100 ዶላር ከፍዬ፣ የቀረኝ ሽፋኑ ብቻ ነበር። ሥዕል አልችልም። ሻጩን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት፤ የሥራ ማሳያ ገጹ ዓይን ያፈዛል። እነዚያ ሥዕሎች የሌሎች ሠዓሊዎች መሆናቸውን ያወቅሁት በጎግል የምስል ፍለጋ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ ያደረግሁት ግን ከከፈልኩ በኋላ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይሉታል ይህን።

እኔ አዲስ አበባ ስለሆንኩ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ናት በፔይፓል የከፈለችልኝ። ሻጩ «የአገልግሎት ክፍያ እንዳይቆረጥብን ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚለው ላኩልኝ» አለ። እህቴ ደውላ «ይህ ሰው ወዳጃችን ነው ወይስ ቤተሰባችን?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሳቅሁና «ዝም ብለሽ ላኪው» አልኳት። በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ በፔይፓል የገዢ ጥበቃ አይሸፈንም። ለዕቃም ሆነ ለአገልግሎት በዚህ መንገድ ክፈሉኝ የሚላችሁ ሻጭ፣ ነገ ስትከራከሩት የሚሆነውን ዛሬውኑ ያውቃል።

ፋይሉ መጣ። ስከፍተው ጀንበር ስትጠልቅ፣ ወርቅማ አቧራ፣ ግመል። አሥር ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። ለእናቴ ባሳያት ስልኬን ተቀብላ መነጽሯን አስተካከለችና «ይህ ደግሞ የየት አገር ግመል ነው?» አለችኝ። የእኛ አገር ግመል ሻኛው አንድ ነው፤ ባለሁለቱ የመካከለኛው እስያ ነው። ከዚያ በኋላ እየቀረብኩ ባየሁት ቁጥር ሌላ ጉድ ይወጣል። ገመዱ ከግመሉ አንገት ይነሣና አየር ላይ ያልቃል። አሞሌው እንደ ትራስ ያበጠ ነው። ከበስተጀርባ በድንኳኑ ጨርቅ ላይ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የሚመስል ጽሑፍ አለ፤ ቀረብ ብዬ ላነበው ብሞክር አንዱም ፊደል አይደለም። «ሐ» ሊሆን ፈልጎ ሦስተኛው እግሩ የጠፋበት፣ «ጨ» ሊሆን ጀምሮ የተወው። ሰው አልሳለውም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈለፈለ ነው።

ሻጩ «ያልተገደበ እርማት» ቃል ስለገባ ሻኛውን ብቻ አስተካክልልኝ አልኩት። በማግሥቱ ግመሉ አንድ ሻኛ ሆኖ መጣ፤ ነገር ግን ሰማዩም፣ ድንኳኑም፣ አቧራውም ሌላ ነው፤ የግመሉ እግር አምስት ሆኗል። ከዚህ የተማርኩትን ፈተና ልንገራችሁ፦ ሥዕሉን በእርግጥ የሳለ ሰው አንዲት ነገር ብቻ አርም ሲባል ሌላውን ሳይነካ ያርማል። ሁሉንም ቀይሮ ካመጣው የሠራው ማሽን ነው።

ማሽን መጠቀሙ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ስቲም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ጨዋታ ሠሪው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅሞ እንደሆነ በመጠይቁ ላይ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ መልሱም በመደብሩ ገጽ ላይ ለገዢ ይታያል። ሻጩ የደበቀኝን ባልደርስበት ኖሮ ሳላውቅ የዋሸሁት እኔ በሆንኩ ነበር። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ሰው ያልፈጠረውን ሥራ እንደማይመዘግብ ገልጿል። ማለትም ሌላው ያንን ግመል ወስዶ የራሱ ጨዋታ ላይ ቢለጥፈው የምሟገትበት እግር የለኝም፤ ግመሉ አምስት ቢኖረውም።

ወደ «የተሟላ ጥቅል» ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ስቲም ላይ ሽፋን ማለት አንድ ሥዕል አይደለም። የመደብሩ ራስጌ 920 በ430 ፒክስል ነው፤ ትንሹ 462 በ174፤ ዋናው 1232 በ706፤ ቆሞ የሚረዝመው 748 በ896። ገዢው ከገዛ በኋላ በራሱ ስብስብ ውስጥ የሚያየው 600 በ900 ነው። በተጨማሪም 3840 በ1240 የሆነ ሰፊ ሥዕል አለ፤ በእርሱ ላይ አንድም ፊደል አይጻፍም፤ የጨዋታው ስም ጀርባው ባዶ በሆነ ሌላ ፋይል ለብቻው ይቀርባል። የእኔ ሻጭ ያደረገው ያንኑ አንድ ሥዕል በየልኩ መቁረጥ ብቻ ነው። ለቆመው ሽፋን ሲቆርጠው የግመሉ ጭንቅላት ውጭ ቀረ። በሰፊው ሥዕል ላይ ስሙ እንደተጻፈ ነበር። ራስጌውንም በድሮው ልክ፣ በ460 በ215 ሠርቶ ወደ አዲሱ ልክ ስለ ጎተተው በጉም ውስጥ የሚታይ መሰለ።

ከሁሉ የባሰው ትንሹ ነው። ሰው ስቲም ላይ ሲፈልግ፣ ቅናሽ ሲያይ፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያች ትንሽ ቁራጭ ላይ ነው፤ ስቲም ራሱ ለሠሪዎች በሚሰጠው መመሪያ የጨዋታው ስም ቦታዋን ሊሞላት ምንም እንዳይቀረው ይመክራል። የእኔ ጨዋታ ስም በቀጭን ሐረግ ፊደል ከጥግ ተጽፎ፣ እዚያ ላይ የሸረሪት ክር መስሎ ቀረ። ሥዕሉ ሙሉ ገጽ ላይ ሲታይ ማማሩ ለሻጩ እንጂ ለእኔ አልጠቀመም። ድሮ፣ በካርቶን ሽፋን ዘመን፣ መጥፎ ሥዕል ቢያንስ በትልቁ ይታይ ነበር። የመጀመሪያው የሜጋ ማን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ሲገባ ጀግናው በጨዋታው ውስጥ ከክንዱ የሚተኩስ ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ ጨብጦ ነበር፤ ሰው እስከ ዛሬ ይስቅበታል። የእኔን ግን ለመሳቅም መጀመሪያ አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ሻጩ ሽፋኑ ላይ አምስት ኮከብና «የዓመቱ ምርጥ» የሚል የአበባ ጉንጉን ጨምሮልኛል፤ በነጻ። ጨዋታው ገና አልወጣም! ስቲም እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሽፋን ላይ ከጨዋታው ሥዕልና ከስሙ በቀር የግምገማ ውጤት፣ ሽልማትም ሆነ የቅናሽ ማስታወቂያ እንዳይሰፍር ከልክሏል። ገጹን ለምርመራ ባስገባ ተመለሰልኝ። ይህን ደንብ የማያውቅ ሰው የስቲም ሽፋን ባለሙያ ነኝ ሊል አይችልም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁት።

በመጨረሻ ያዳነችኝ ከአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀች ሠዓሊት ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ የሚያየው ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ ያኛው ጨዋታውን እንኳን ከፍቶ አላየውም። ደብተሯን አውጥታ በእርሳስ ስድስት ንድፎች ነደፈች፤ እያንዳንዳቸው ከክብሪት ሳጥን አይበልጡም። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እንድሄድ አደረገችኝና «የቱ ይታይሃል?» አለችኝ። የታየኝ አንዱ ብቻ ነው፦ ነጭ የጨው ሜዳ፣ ከጎኑ የሚታይ ጥቁር ግመል፣ በጎኑ የተደረደረ አሞሌ። ስሙን ከጨው በመጥረቢያ የተፈለጠ በሚመስል ወፍራም ፊደል ጻፈችው። ለቆመው ሽፋን አልቆረጠችም፤ ግመሉን ወደ እኛ ሲመጣ አድርጋ እንደገና ሳለችው። ከዚያ የስቲምን የፍለጋ ገጽ ፎቶ አንሥታ የእኛን በሌሎቹ መካከል አስገባችው። ጎረቤቶቹ በሙሉ ሐምራዊና ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፤ የእኛ ነጩ ብቻውን ወጣ።

ክፍያውን በሦስት ከፈልነው፦ ሲሶው ሲጀመር፣ ሲሶው ንድፉ ሲጸድቅ፣ ቀሪው ፋይሉ ሲረከብ። ሰማዩ፣ ግመሉና ስሙ በየንብርብሩ የተለያዩበትን የፎቶሾፕ ፋይል ሰጠችኝ፤ ነገ ጨዋታው በሌላ ቋንቋ ሲወጣ ስሙን ብቻ መቀየር እችላለሁ። የቅጂ መብቱ ወደ እኔ መተላለፉን በአንድ ገጽ ውል ተፈራረምን። ከመጀመሪያው ሻጭ ያገኘሁት የተጨፈለቀ ጄፔግ ብቻ ነበር፤ ዋናውን ፋይል ስጠይቀው ተጨማሪ 150 ዶላር አለ፤ ኋላ እንደገባኝ ዋና ፋይል የሚባል ነገር ከነጭራሹ አልነበረውም።

እህቴ ለፔይፓል ያቀረበችው አቤቱታ ውድቅ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት የሻጩን ገጽ ብከፍት ያ ባለሁለት ሻኛ ግመል ከላይ «የረካ ደንበኛ ሥራ» ተብሎ ተለጥፏል፤ ዋጋውም 400 ዶላር ገብቷል።