ልጓምና አለንጋ፦ የአይጧ ሁለት ቀናት

ደሴ ላይ የጦሳ ብርድ ሳይለቅ ተማሪዎቼን ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀምጬ የአይጧን ሁለት ቀናት አነጻጽራለሁ። የመራቢያ ዑደቷ ከ4 እስከ 5 ቀን ብቻ ነው።

ዳይስትረስ በሚባለው የዑደቷ ጸጥ ያለ ቀን ከብልቷ የተወሰደው ናሙና ነጭ የደም ሴሎች የሞሉበት ነው። አንጎሏ ሌሎች የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚያስለቅቀውን፣ ጂኤንአርኤች የተባለውን ሆርሞን እያቆራረጠ በጥቂቱ ይለቃል፤ የሴት ሆርሞን የሆነው ኢስትሮጅን ልጓም ሆኖ ይይዘዋል።

ፕሮኢስትረስ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ያለው ቀን፣ ግን ሌላ ዓለም ነው! ኒውክሊየሳቸው ጎልቶ የሚታይ ክብ ክብ ሴሎች ተጠጋግተው ይታያሉ። ያው ሲያግድ የነበረው ኢስትሮጅን መጠኑ ከፍ ሲል ሃይፖታላመስ በተባለው ሆርሞን ተቆጣጣሪ የአንጎል ክፍል ፊተኛ ጎን ያሉትን፣ ጂኤንአርኤች እንዲለቀቅ የሚገፋፉትን የኪስፔፕቲን ነርቮች ይቀሰቅሳል። ከሰዓት በኋላ ጂኤንአርኤች እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል፤ እንቁላል የሚያስወጣው ሆርሞን ኤልኤች ይከተለዋል፤ እንቁላሎቹም ሌሊቱን ይወጣሉ። አንዱ ሆርሞን ልጓምም አለንጋም መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

አንዱን ብቻ አሳይ ብባል ፕሮኢስትረስን እመርጣለሁ፤ ናሙናውን ጠዋት ወስዶ ከሰዓት በኋላ ያለውን መጠበቅ ነው።