ደብረ ማርቆስ ልጄን ያስገባሁበት የሒሳብ ቱቶሪያል

ልጄ 7ኛ ክፍል ናት፣ ኔጋቲቭ ቁጥር ሲመጣ ግራ ይገባት ነበር፣ -3 + 5 ስትባል -8 ብላ ትጽፋለች። ክረምቱን እዚሁ ማርቆስ ሰፈራችን ያለ ቱቶሪያል አስገባኋትና በጣም ነው ደስ ያለኝ!! አስተማሪው ሕግ አያሸመድድም፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ የቁጥር መስመር አስምሮ ዜሮን መሃል አድርጎ ልጆቹን ያስኬዳቸዋል። የአባይን ድልድይ ዜሮ በሉት፣ ወደ ደጀን ፖዘቲቭ ወደ ጎሃ ጽዮን ኔጋቲቭ ይላቸዋል፣ እና -3 ላይ ቁሚና 5 ደምሪ ሲላት 5 እርምጃ ወደ ደጀን ሄዳ ዜሮን አልፋ 2 ላይ ቆመች፣ በቃ ገባት። 4 + (-7)ም ያው ነው፣ ከ4 ተነስቶ 7 እርምጃ ወደ ጎሃ ጽዮን፣ -3። አሁን ቤት ውስጥ ለወንድሟ የምታስረዳው እሷ ናት።

ቅር ያለኝ ክፍሉ ይጠባል፣ መስመሩ ላይ ለመቆም ተራ መጠበቅ አለ። ደግሞ እንደ -48 + 75 አይነት ትልቅ ቁጥር ሲመጣ እርምጃ መቁጠር አያዋጣም፣ ቁጥር ያልተጻፈበት ባዶ መስመር ደብተር ላይ አስምሮ ከ-48 ተነስቶ 48 ሄዶ ዜሮ መድረስ ከዛ ከ75ቱ የቀረውን 27 መሄድ ነው፣ እሱን ዘግይተው ነው የጀመሩላቸው። ዋጋው ግን ተመጣጣኝ ነው፣ ለከርሞም እዛው ነው የማስገባት።