መጋረጃው አዲስ፣ ቀለሙ ያለቀ

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ወረዳዎች አንዱ ነው። ቁጥሩን አልጠራም፣ ነገም ጉዳይ ይኖረኛል። መኪና ልሸጥ ስለነበር ያላገባ ማስረጃ ፈልጌ ሄድኩ፣ ሰኔ 2017፣ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ።

ቤቱ አምሯል፣ አልዋሽም። አዲስ መጋረጃ፣ አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ቀኑን ሙሉ «እንኳን ደህና መጡ» ብቻ የሚያሳይ ትልቅ ቴሌቪዥን። ተራ ቁጥር የሚሰጥ ማሽንም አለ፤ ወረቀት ስለሌለው ግን ቁጥሩን በእስክሪብቶ የሚጽፍልህ ጥበቃው ነው። ባለሙያዋ ጎበዝ ናት። ሰነዴን አየች፣ መዘገበች፣ 10 ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ «ወንድሜ፣ የፕሪንተሩ ቀለም አልቋል፣ ሐሙስ ብቅ በል» አለችኝ። ሐሙስ ሄድኩ፣ የለም። ሰኞ ሄድኩ፣ የለም።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ መጋረጃ በምን ተገዛ?» አልኳት። ሳቀች። «እሱ ሌላ በጀት ነው።»

እውነቷን ነው። ወንበርና ቴሌቪዥን የሚገዛበት መደብ ሌላ፣ ቀለምና ወረቀት የሚገዛበት የሥራ ማስኬጃ ሌላ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ለማዛወር ደብዳቤ ወጥቶ፣ ተፈርሞ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ሰኔ 30 ይደርስና ዓመቱ ይዘጋል። ያልወጣው ብር ተመላሽ ነው። በዚያ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ጨምሩልኝ ብትል «ያለፈውን መች ጨረስክ» ትባላለህ። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግዢው ይጦፋል፤ መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል ይቺን።

ወረፋው ላይ ክርክር ተነሳ። አንድ አባት «ልጄ፣ እኛ በቀበሌ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆመን ነው ያረጀነው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ወንበሩን አትማው» አሉኝ። ትንሽ አፈርኩ። ከኋላችን የነበሩ እናት ግን «አባባ፣ ወንበርማ ቤቴም አለ፤ እኔ የመጣሁት ለወረቀት ነው» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። የከተማው ምክር ቤት ለዚያ ዓመት ያጸደቀው ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነው፣ አብዛኛውም እኛው በግብር የከፈልነው። መንገዱ ሲያምር አይቻለሁ፣ ከጊዮርጊስ አራት ኪሎ በእግር መውረድ አሁን ደስ ይላል። አንድ ቀለም ግን እንዴት ይጠፋል?

ለባለሙያዋ 5 ኮከብ። ለወንበሩ 4፣ አንዱ እግሩ ይንቋቋል። ለአገልግሎቱ 2።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት 2:30 ላይ ድረሱ፣ ጉርድ ፎቶ ያዙ፣ ለሐምሌም አታቆዩት፤ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ቀለሙም አብሮ ይጠብቃል። የኔው በ4ኛው ጉዞ ወጣልኝ። ስሜ ላይ ፈዘዝ ብሏል፣ ግን ይነበባል።