ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ሶላር ከነባትሪው፦ በበጋም በክረምትም ባሕር ዳር ላይ ተጠቅሜው

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ላይ የራሱ ጣሪያ ያለው፣ ፍሪጅ ወይም ዲፕ ፍሪዘር የሚጠቀም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጨነቅ ሰው ይህን ዕቃ ቢገዛ አይቆጨውም። የመብራት ሒሳብ ለመቀነስ ብቻ ብሎ የሚገዛው ግን ገንዘቡ ቶሎ አይመለስለትም። ዕቃው አንድ ቢሆንም የሁለቱ ሰዎች አሠራር ይለያያል። ልዩነቱን የሚያመጣው ባትሪው ላይ ምን እንደሚታሰርና ምን እንደማይታሰር ነው። ከተገጠመ ወዲህ በደንብ የገባኝ ይሄ ነው፤ አብዛኛው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

ቤታችን ሽምብጥ በኩል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ 6 ፓነሎች አሉን፤ በድምሩ 3.3 ኪሎዋት። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓነልና የባትሪውን ኃይል ቤት ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይረው ማሽን፣ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ነው፤ ከመብራት ኃይል መስመርም ከባትሪም ጋር ይሠራል። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት፣ ማለትም 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የብራንዱን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ማሽን በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ስሙ ብዙ አይጠቅማችሁም። እህቴ በግቢው በር ላይ ባለችው ሱቅ ዓሣ ትሸጣለች፤ ቆሮሶና አምባዛ። ዲፕ ፍሪዘሩ የእሷ ነው። በዐቢይ ጾም ገዢ ሲበዛ ፍሪዘሩ እስከ አፉ ይሞላል። ያን ጊዜ መብራት ጠፍቶ ቢያድር የሚበላሸው የሰው ጉልበት ነው።

«ጢስ ዓባይ አጠገብ ተቀምጠህ ሶላር ምን ያደርግልሃል?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጢስ ዓባይ ጣቢያ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ጣና በለስም 460 ሜጋዋት የሚያመነጭ ትልቅ ጣቢያ ነው። ግን ኃይል ከመነጨ በኋላ ቤታችን የሚደርሰው በምሰሶ፣ በሽቦና በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ነፋስ ቅርንጫፍ ጥሎ ሽቦ ሲበጥስ የጣቢያው ትልቅነት ለፍሪዘሩ አይደርስለትም።

መግዛት ስትጀምሩ መጀመሪያ መለየት ያለባችሁ ነገር አለ። ባትሪ የሌለው፣ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ የተያያዘ ሶላር ርካሽ ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እያቃጠለችም ቢሆን። ይህ ብልሽት አይደለም። ኢንቨርተሩ መስመሩ ሲሞት በቅጽበት እንዲዘጋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ባይዘጋ ከጣሪያችሁ የሚወጣው ኃይል ወደ ምሰሶው ሄዶ ሽቦ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ሃይብሪዱ ግን መስመሩን ቆርጦ ራሱን ይለይና ለተመረጡት ዕቃዎች ብቻ ከባትሪና ከፓነል መስጠቱን ይቀጥላል። ዝውውሩ በሚሊ ሰከንዶች የሚቆጠር ነው። የእኛ ዋይፋይ አይቋረጥም፤ ቴሌቪዥኑም አይጠፋም።

«ለተመረጡት ዕቃዎች» ያልኩት ላይ እንቆይ። ኢንቨርተሩ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ከቆጣሪው የሚመጣው መስመር ነው። ሁለተኛው መብራት ሲጠፋም የማይሞተው መውጫ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁለት የብሬከር ሣጥን ያስፈልጋል። እኛ በማይሞተው ላይ ያሰርነው ፍሪጁን፣ ዲፕ ፍሪዘሩን፣ አምፖሎቹን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዋይፋዩንና ቻርጀሮችን ነው። ምጣዱ፣ የሻወር ማሞቂያውና የውኃ ፓምፑ በመስመሩ በኩል ቀርተዋል።

ምጣዱ ለምን ቀረ? ሒሳቡን ተመልከቱት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። የእኔን ባትሪ አምራቹ በ50 አምፒር እንዲጠቀሙበት ይመክራል፤ ይህ ወደ 2.5 ኪሎዋት ነው። ምጣዱ ብቻውን ከዚያ ያልፋል። ባትሪው ቢችለው እንኳ ሙሉ የነበረው ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ያልቃል፤ ሌሊቱን ደግሞ ፍሪዘሩ ባዶ እጁን ያድራል። ምጣድ የሚሸከም ባትሪ ግዙ ቢሏችሁ ዋጋው እጥፍ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ለሚሠራ ዕቃ ያን ያህል ማውጣት አይታየኝም። ፓምፑም እንዲሁ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ ከ1 ኪሎዋት ብዙም አይርቅም፤ ሲነሳ ግን ለአፍታ ብዙ እጥፍ ይስባል። ሮቶ ስላለን ውኃው መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል።

ምጣዱ በማይሞተው ላይ አልታሰረም ማለት ግን ከፀሐይ አይጠቀምም ማለት አይደለም። ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለው የፌዝ ሽቦ ላይ የምትቆለፍ ትንሽ የጅረት ዳሳሽ አለች። ኢንቨርተሩ በእሷ በኩል ቤቱ በሙሉ ስንት እየሳበ እንደሆነ ያያል። እኩለ ቀን ላይ ፓነሎቹ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሲሰጡ ምጣዱ አብዛኛውን ከፀሐይ ይወስዳል፤ ጉድለቱን መስመሩ ይሞላል። ዳሳሿ ላይ ቀስት አለ። ባለሙያው ቀስቱን ገልብጦ ካሰራት ኢንቨርተሩ ሁሉን በተቃራኒ ይረዳዋል፤ ሲገጠም ቆማችሁ እዩ። እማዬ የመጋገሪያ ሰዓቷን ከማለዳ ወደ 5 እና 6 ሰዓት አዛውራለች። አሁን ሰማዩን ቀና ብላ አይታ ነው ሊጧን የምታወጣው። እሑድ ዕለት የካርዱን ቆጣሪ ማየት ደስ ይለኛል፤ ምጣድ ተጥዶ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

ትርፉን ወደ መስመሩ እንዳይልክ አድርገን ነው ያስተካከልነው። ምክንያት አለኝ። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ ወደ ውጭ የወጣውንም እንደተጠቀማችሁበት አድርጎ ይቆጥራል። የራሳችሁን ፀሐይ ሰጥታችሁ ከካርዳችሁ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ከዚህ ጋር የሚመጣ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ባትሪው ሞልቶ ቤቱም ብዙ ካልሳበ፣ በጠራራ ፀሐይ በኢንቨርተሩ የስልክ አፕ ላይ ፓነሎቹ 400 ዋት ብቻ ሲሰጡ ታያላችሁ። አልተበላሹም። የሚወስድላቸው ስለሌለ ነው።

የማይሞተው ወገን የቀን ፍጆታ እንደሚከተለው ወጣ። ዲፕ ፍሪዘር 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ ፍሪጅ 1፣ ቴሌቪዥን 0.4፣ አምፖሎች 0.36፣ ዋይፋይ 0.24፣ ስልክና ላፕቶፕ 0.3። ድምሩ 3.5 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ የማይነግራችሁን ጨምሩ፤ ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል። የእኔ 50 ዋት አካባቢ ሌት ተቀን ይስባል፤ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ አንድ ዲፕ ፍሪዘር ማለት ነው። ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት ያለው ፍጆታ 2.8 ገደማ ይሆናል። ከባትሪው 80 በመቶውን ብንጠቀም፣ በመቀየር የሚባክነውን ቀንሰን 3.7 ይቀረናል። ሌሊቱን ያሻግራል፤ ትንሽም ይተርፋል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነበር የምንጠቀመው።

ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ካገኘነው ብቻ ነው። በጉዳዩ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ኢንቨርተሩ ከፋብሪካው ሲመጣ በየማታው ባትሪውን እስከ 20 በመቶ አውርዶ ሒሳብ ይቆጥብላችኋል። ማታ 4 ሰዓት መብራት ቢሄድ ታዲያ ምን ይዞ ይጠብቃችኋል? መስመሩ እያለ ባትሪው የሚወርድበትን ወሰን እኛ በበጋ 50 በመቶ፣ በክረምት 80 በመቶ አድርገነዋል። የሚቆጠበው ብር ይቀንሳል። የእህቴ ዓሣ ግን አይነካም። ለመብራት መጥፋት የገዛችሁ ከሆነ ወሰኑን ከፍ አድርጉት፤ በዚህ አትደራደሩ።

ወሰኑን ካስተካከልን በኋላም ባትሪው አንዳንድ ማታ ሳይታሰብ ይወርድ ነበር። መንስኤው የመስመሩ ቮልቴጅ ነበር። በእኛ ሰፈር ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት መብራቱ ይደክማል። ኢንቨርተሩ ከ185 ቮልት በታች ሲያይ መስመሩ እንደጠፋ ቆጥሮ ራሱን ይለያል፤ የማይሞተውን ወገን በሙሉ ባትሪው ይሸከማል። አምፖሉ ስለማይፈዝ እናንተ አታውቁትም። ባለሙያው ዕቃዎቻችን በሚችሉት መጠን ወሰኑን ወደ 175 ዝቅ አድርጎልን ተሻሻለ። መልካም ጎኑም ይሄው ነው፦ የፍሪጁን ስታቢላይዘር አንስተናል። መብራት ሲመጣም ኢንቨርተሩ ወዲያው አይቀበልም፤ አንድ ደቂቃ ያህል መስመሩ እስኪረጋጋ ያያል። ፍሪጅ የሚያቃጥለው ያ የመጀመሪያ ግፊት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለ ፓነሎቹ አቅጣጫ አንድ የሚገርም ነገር አለ። «ወደ ደቡብ አዙሩት» ይባላል፤ ትክክል ነው። ባሕር ዳር ግን 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን ናት። በታኅሣሥ ደግሞ 35 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ፓነሉን በጣም ማቆም ክረምት ላይ ይጎዳል። የእኛ 12 ዲግሪ ገደማ ተጋድሟል። ከዚያ በታች ቢተኛ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ አያወርደውም፤ ከታች ጠርዝ ላይ ጭቃ ይደርቃል። የጎረቤት ማንጎ ጥላው ከ10 ሰዓት በኋላ ይመጣል። ፓነሎቹ በአንድ ረድፍ ስለተያያዙ አንዱ ላይ የወደቀ ጥላ የሌሎቹንም ምርት ይነካል። ስለዚህ ረድፉ በሙሉ ወደ ምዕራቡ ጣሪያ ሳይጠጋ ተገጠመ።

ክረምቱስ? በመጋቢት ጥሩ ቀን እነዚህ ፓነሎች ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት መስጠት ይችላሉ። በሐምሌ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ከተዘጋ 4 ወይም 5 ይሰጣሉ። ለማይሞተው ወገን በጭንቅ ይበቃል፤ ለምጣድ የሚተርፍ የለም። መብራት ደጋግሞ የሚጠፋውም በዚሁ በነጎድጓዱ ወቅት ነው። ሲስተም የሚለካው በሐምሌ ነው የምለው ለዚህ ነው። ደግሞ ባትሪው ለብዙ ቀን ሳይሞላ ሲቀር የሚያሳየው መቶኛ ከእውነቱ ይርቃል። አንድ ማታ 30 በመቶ እያለ በአንዴ ወደ 12 ወረደ። ከመስመሩ አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ሲሞላ ተስተካከለ። ክረምት ላይ ይህን በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ ይበጃል።

መብረቅ ያለበት አካባቢ ነውና በመሬት ሽቦው ላይ አትቆጥቡ። ከፓነል በኩልም ከመስመር በኩልም የመብረቅ መከላከያ አስገጥሙ። ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ሲለይ ኑትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ከመሬት ሽቦው ጋር መገናኘቱን ባለሙያውን ጠይቁት። ካልተገናኘ ሰው ከመያዝ የሚያድነው ብሬከር በባትሪ ጊዜ ላይሠራ ይችላል። ጥያቄው የማይገባው ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው። ማራገቢያው ይጮኻል፤ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። አፑ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ባዶ ነው። የሐይቁ ትንኝ የኢንቨርተሩን መብራት ተከትሎ እየገባ የማራገቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ በወር አንዴ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል። የሐይቁ ወፎች ፓነል ላይ የሚተዉትም ዝናብ በሌለበት ወራት በማለዳ፣ ፓነሉ ሳይግል፣ በውኃና በጨርቅ መታጠብ አለበት። ከፍታችን 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብዙ አምራቾች ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሚመጣ የአቅም መቀነስ የሚጽፉት ማስጠንቀቂያ አይነካንም።

ቀጥሎ የምንጨምረው ፓነል አይደለም። ኢንቨርተሩ ለሌላ 3 ፓነል ቦታ አለው፤ ሻጩም ያንን ነው የሚመክረን። እኛ ግን ሁለተኛ ባትሪ ነው የምንገዛው፤ ያው ሞዴል፣ ያው ቮልቴጅ፣ ከመጀመሪያው ዕድሜ ብዙ ሳይራራቅ። እህቴ ሁለተኛ ዲፕ ፍሪዘር ልታስገባ ስለሆነ ከዐቢይ ጾም በፊት መገጠም አለበት።